ባለሱቅ የሌለበት ተራ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ በአዳራሽ ሸኘኝ። ዳይሬክተሩ ያለ ወረቀት መናገር ይወዳሉና ማይኩን ይዘው፣ «ወይዘሮ ውብነሽ ዕድሜ ልካቸውን ሥራ አጥነትን ሲያጠኑ ኖረው፣ ዛሬ ራሳቸው ሥራ አጥ ሆኑልን» ብለው ሰዉን አሳቁት። እኔ ደግሞ ክፉ ልማድ አለብኝ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ፣ «ይቅርታ፣ ሥራ የማይፈልግ ሰው ሥራ አጥ አይባልም፤ ከሠራተኛው ኃይል ውጪ ነው የሚባለው» አልኳቸው። ሰውዬው ማይኩን ወደ አፋቸው መልሰው፣ «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ማን ሊያርመን ነው?» አሉ። ተጨበጨበ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ቆረስኩ፣ ከዚያም በታክሲ ወደ አብነት ተመለስኩ።

ያደግሁትም ያረጀሁትም አብነት ነው። አባቴና እናቴ ከጎጃም መጥተው እዚያ ቤት ተከራዩና ሳይለቁት ቀሩ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የተቀጠርኩ ሰሞን እናቴ ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት ለጎረቤት ሁሉ፣ «ልጄ ግብር ላይ ገባች» ብላ አወራች።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ስለ ግብር ነው የማጠናው። አልሰበስብም» አልኳት።

«ያው ነው» አለችኝ።

ጎረቤቶቻችንም ያው ነው ብለው ተቀበሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ እኔ ፊት ደኸየ። ዱባይ ተራ ጫማ የሚያከፋፍለው ጎረቤታችን «ኧረ ዘንድሮስ ገበያ የለም» ሳይል እንደምን አደርሽ አይለኝም ነበር። ሠርጌ ላይ እንኳ ስጦታውን ሲሰጡኝ «ተበድረን ነው» እያሉ ነው። ጡረታ መውጣቴ ሲሰማ ግን ይኸው ሰውዬ በሳምንቱ በሬን አንኳኩቶ፣ ሁለት ልጆቹ ሁለት ሱቅ መክፈታቸውን ፈገግ እያለ አበሠረኝ። ያን ሁሉ ዘመን ደስታውን ከእኔ ደብቆ መኖሩ ከብዶት ኖሯል።

ሥራዬ ምን እንደነበር ልጆቼም በደንብ አያውቁትም፤ ስለዚህ ልጻፈው። ሰው ለምን ሥራ ያገኛል፣ ለምን ያጣል፣ ግብር ሲወጣ ማንን ያጎብጣል፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴቷ የት አለች? ይኸን እያጠኑ መንግሥትን መምከር ነበር። መንግሥት ምክሩን ሰምቷል ወይ ለሚለኝ ሰው፣ ሁልጊዜ በደንብ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል እለዋለሁ።

የመጀመሪያው አለቃዬ ዶክተር ፍሥሐ ይባሉ ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሴቶችን የሚያስታውሱት ሪፖርቱ ሊታተም ሲል ነው። «አለቀ? በይ እንግዲህ ሥርዓተ ፆታ ጣል አድርጊበት» ይሉኛል፣ ወጥ የሚቀምሱ ይመስል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሴት ባለሙያ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጨው ጨማሪዋ እኔ ሆንኩ። ጊዜ ስለማይሰጡኝ አንድ ምዕራፍ ጽፌ እሱኑ ከሪፖርት ሪፖርት አዘዋውረው ጀመር። ጨርቃ ጨርቅም ላይ ገባ፣ ጭነት መኪናም ላይ ገባ። በመጨረሻ የቁም ከብት ግብር ጥናት ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ባለሥልጣን «ይህ ሴቶችን ማብቃት የሚለው ላሞቹን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ዶክተር ፍሥሐ ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔ ወደ ጣሪያው ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ምዕራፉ በጡረታ ተሰናበተ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ጋሼ መኮንን ናቸው። አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም በክረምትም ጃንጥላ የሚይዙ። እሳቸው ገበያ ለጥናት ሲወጡ ወረቀት አይታይባቸውም። መጀመሪያ ሱቁ ደጃፍ ይቆማሉ፣ ዕቃ ያነሳሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ተናደው ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይገዛሉ። ጥያቄው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ዱካ ቀርቦላቸው ሲቀመጡ ነው። «ያልተከራከርሽውን ሰው አትጠይቂ፤ ገና እንግዳ ነሽ» ይሉኝ ነበር። በዚህ ልማዳቸው የተነሳ ቤታቸው የምድጃ፣ የማሰሮ ክዳንና የጄሪካን መጋዘን ሆኖ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ አንድ ቀን ስሄድ በር ላይ ተቀብላ፣ «ዛሬ ምን አጥንታችሁ መጣችሁ? አልጋ ሥር ቦታ ስለሌለ ቀለል ያለ ነገር ብታጠኑ» አለችኝ።

ሴትን «ሥራ አለሽ?» ብለሽ አትጠይቂ ያሉኝም እሳቸው ናቸው። መዶሻ ይዛ «የለኝም፣ ቤት ነው የምውለው» ትልሻለች። «ትናንት ከነቃሽ ጀምሮ ምን አደረግሽ?» በያት። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ስሚ። እኔ ሞክሬው አንዷ ሴት ከንጋት እስከ ምሳ ያደረገችውን ስትነግረኝ እኔ ራሴ ደክሞኝ ውኃ ጠየቅኋት።

ታዲያ ያን ሁሉ ተምሬም መጀመሪያ በኃላፊነት የመራሁት ጥናት ጉድ ሠራኝ። ጋሼ መኮንን እግራቸው ተሰብሮ ቤት ዋሉና ምን አለሽ ተራን እንዳጠና ለእኔ ተሰጠኝ። ከአሮጌ በርሜልና ከቆርቆሮ ምድጃ፣ መጥበሻ፣ ባልዲ የሚቀጠቀጥበት ተራ ነው። ማን ቀጣሪ ነው፣ ማን ተቀጣሪ ነው፣ ሴቶቹስ በየትኛው ወገን ናቸው የሚለውን ለይቼ ላመጣ ነው። ወጣት ነኝ፣ ቸኩያለሁ፣ ባለተረከዝ ጫማ አድርጌያለሁ፣ አዲስ ክላሰር ደረቴ ላይ አቅፌያለሁ። ተራው አፍ ላይ ስደርስ አንድ ሰው «ዝናብ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ደመና የሚባል የለም። ምስኪን፣ አእምሮውን ነክቶት ይሆናል ብዬ አዘንኩለት።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት መቀስ የሚመስል ትልቅ የቆርቆሮ መቁረጫ በእጇ ይዛ ሦስት ወንዶችን ታዛለች። «አንተ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ እጠፈው እንጂ! ሰው እጁን ይቆረጥ?» ትላለች። ስሟ ከድጃ ነው። የስልጤ ልጅ ናት፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች።

«ባለሱቁ ማን ነው?» አልኳት በጩኸት፤ ያለ ጩኸት እዚያ መነጋገር አይቻልም።

«ወጥቷል።»

«አንቺስ?»

«እኔ? እኔ ተቀጣሪ ነኝ» አለች፣ መቁረጫውን ወደ ኋላዋ ደብቃ።

«ባለሱቁ መቼ ይመለሳል?»

«አላህ ያውቃል።»

ከጎኗ ያለው ጎጃሜው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ በላቸውም ተቀጣሪ ነኝ አለኝ። ባለሱቁ ወጥቷል። ቀጥሎ መጥበሻ የምትሸጠው እትዬ ወይንሸትም ተቀጣሪ ናት፤ ባለሱቁ አሁን ከመምጣቴ በፊት ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሙራድም እንዲሁ። ተራውን ከጫፍ ጫፍ አዳረስኩት፤ ሁሉም ተቀጣሪ፣ ባለሱቅ የተባለ ሁሉ ወጥቷል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ግኝት አገኘሁ ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ።

ሪፖርቱን ስጽፍ ንድፈ ሐሳብ ሁሉ ፈለሰፍኩለት። ተራው «በማይታዩ ባለሀብቶች የርቀት አመራር» እንደሚተዳደር፣ ሴቶቹ በሙሉ ደሞዝተኞች እንደሆኑ፣ መንግሥትም እነዚያን ስውር ባለሀብቶች ፈልጎ ማግኘት እንዳለበት አስረዳሁ። ዶክተር ፍሥሐ በጣም ስለወደዱት በባለቀለም አሳተሙት። ሽፋኑ ላይ አንዲት ሴት መዶሻ ይዛ ትስቃለች።

በአዳራሽ ሳቀርበው ሁሉም በጥሞና ሰማኝ፣ ከአንድ ሰው በቀር። የነጋዴዎች ተወካይ ሆነው የመጡ አዛውንት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ታመው መስሎኝ ንግግሬን አቆምኩ። መሐረባቸውን አውጥተው እንባቸውን ጠረጉና እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ጥሩ ጥናት ነው» አሉ። «እኔም መርካቶ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ያንቺ ዓይነት ክላሰር የያዘ ሰው ሲመጣ እኔም ተቀጣሪ ነኝ። ባለሱቁ እስካሁን እንደወጣ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተር ፍሥሐ ሳይቀሩ ሳቁ፤ ቆይቶ ግን ያሳተሙት እሳቸው መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ተኮሳተሩ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ። እናቴ «ግብር ላይ መግባቱ እኔም ሆዴን በልቶት ነበር» ብላ አጽናናችኝ፤ ማጽናኛ ከተባለ።

ጋሼ መኮንን እግራቸው ከጀሶ እንደወጣ ሪፖርቱን አነበቡት። አልሳቁም፤ ያን ጊዜ እግራቸው ላይ ወድቄ መሳም ነው የቀረኝ። «ስለ ራሳቸው ጠየቅሻቸው። ስለ ጎረቤታቸው ማንን ጠየቅሽ?» አሉኝ።

«ማንንም።»

«ሰው ግብር ፈርቶ ስለ ራሱ ዝም ይላል። ስለ ጎረቤቱ ሲሆን ግን ማን ይቀድመዋል? ነገ ባለ አጭር ተረከዝ አድርገሽ ነይ።»

በማግስቱ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ተራውን ገቡ። በላቸው ዘንድ ሁለት ባልዲና አንድ ምድጃ ተከራክረው ገዙ። (እትዬ ጽጌን አሰብኳት።) ዱካ ቀረበላቸው። ስለ ቆርቆሮ ጥራት፣ ስለ ቡሬ መንገድ፣ ስለ በላቸው አማች ረጅም ወሬ ተወራ። ከዚያ ጋሼ መኮንን በአገጫቸው ወደ ከድጃ ሱቅ እያመለከቱ፣ «ያ ወዲያኛው ሱቅ የማን ነው?» አሉ።

«የእሷው ነዋ! ጭራሽ የተራው ቁንጮ እሷ አይደለች እንዴ? ሸምሱ ከሞተ ወዲህ ሥራውን እጥፍ አደረገችው» አለ በላቸው። ወዲያው ምን እንዳለ ገባውና አፉን በሁለት እጁ ያዘ።

ጉዱ የወጣው እንዲህ ነው። የከድጃ ባል ሸምሱ ከሞተ ቆይቷል። ንግድ ፈቃዱ ግን አሁንም በሱ ስም ነው፤ ግብሩም በየዓመቱ በሱ ስም ይከፈላል። ተራው በሙሉ ቀብሩ ላይ ቆሟል፤ ተራው በሙሉ ደግሞ «ዝናብ መጣ!» ተብሎ የግብር ሹም መምጣቱ ሲነገረው «አሁን ወጣ፣ ተላለፋችሁ» ይላል። ሸምሱ በሕይወት ሳለ ግብር አዘግይቶ ሁለት ጊዜ ሱቁ ታሽጎበታል አሉ፤ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን አላሳለፈም።

ከድጃ ነገሩ እንዳመለጠ ስታይ መጥታ ፊታችን ቆመች። «ልትጽፉት ነው?» አለች።

ጋሼ መኮንን ተነስተው ቆሙ፤ በዚያ እግራቸው። «የነገራችሁን ከኛ አይወጣም። ስም አንጽፍም፣ ሱቅ አንጠቁምም። ሥራችን በዚህ ነው የሚቆመው» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺም ቃል ግቢላት» አሉኝ። ገባሁላት።

ኋላ ላይ ስንቀራረብ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቅኋት። ወሬዋን ሳታቋርጥ የምድጃ እግር እየበየደች ነበር። «ሞቷል ካልኩ ወንድሞቹ ከገጠር ይመጣሉ» አለች። «አሮጌ በርሜል የሚያመጡልኝ ሰዎች ከሴት ጋር ምን ውል አለ ይላሉ። ግብሩም እንደ አዲስ ሱቅ ይገመትብኛል። ወጥቷል ካልኩ ግን ሁሉም ይመለሳል ብሎ ያስባል።» መበየጃውን አሳርፋ፣ «እኔም ጭምር» አለች።

እንደገና አጠናሁት። ጎረቤት ስለ ጎረቤት እየጠየቅሁ፣ «ትናንት ከነቃሽ ጀምሮ» እያልኩ፣ እንደ ጋሼ መኮንንም የማልፈልገውን ዕቃ እየገዛሁ። አሁንም ቤቴ ውስጥ አንድም ቀን ያልተጠቀምኩባቸው መጥበሻዎች አሉ። ተራው ውስጥ ባለሱቁ ብዙ፣ ሴት ባለሱቁም ብዙ መሆኑን፣ ግን ፈቃዱ በባል፣ በወንድም፣ በአባት ስም እንደተያዘ ስም ሳልጠራ ጻፍኩ። ይህኛው እውነተኛው ጥናት ነበር። በጀት ስላለቀ በጥቁርና ነጭ ተባዛ፤ ማንም አላነበበውም። ባለቀለሙ ግን በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሴትየዋ እየሳቀችበት ኖረ።

ዘመን ነጎደ። ጋሼ መኮንን ጡረታ ወጡ፣ ከዚያም አረፉ፤ እትዬ ጽጌ ሐዘን ላይ ሆና፣ «ምድጃዎቹን ምን ላድርጋቸው?» ስትለኝ እያለቀስን ሳቅን። ዶክተር ፍሥሐ ተነሱ፣ ሌሎች መጡ፣ ሄዱ። እኔም አለቃ ሆንኩ፤ አለቃ መሆን ማለት ስብሰባ ላይ ስለ ገበያ እያወሩ ገበያ አለመሄድ መሆኑን ተማርኩ። ከድጃ ዘንድ ግን መሄዴን አልተውኩም። በዓል ሲሆን፣ ረመዳን ሲገባ፣ አንዳንዴም ምክንያት ሳይኖረኝ። የአካባቢው ግብር ሰብሳቢ አቶ ጌታቸው የሚባል ዝግ ያለ ሰው ነው፤ በየዓመቱ ሲመጣ እዚያ ተገጣጥመን አይቼዋለሁ። ሥራውን ይጨርስና ወጣ ሲል፣ «ለጋሼ ሸምሱ ሰላም በይልኝ» ይላታል። እሷም «እሺ፣ እነግረዋለሁ» ትለዋለች። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ባልዲ ውስጥ የሆነ ነገር የምፈልግ እመስላለሁ።

ጡረታዬ ሊደርስ ሲል ነገሩ ተቀየረ። ተራው ሊነሳ፣ ነጋዴዎቹ አዲስ በሚሠራ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ቦታ ሊሰጣቸው ሆነ። ቦታ የሚሰጠው ለባለሱቅ ብቻ ነው፤ ባለፈቃዱ በወረዳው ኮሚቴ ፊት በአካል ቀርቦ ይፈርማል፤ ያልቀረበ እንደሌለ ይቆጠራል። ከድጃ ደወለችልኝ። ሁልጊዜ ድምፅዋ ከመዶሻው ይበልጣል፤ ያን ቀን ግን አልሰማ አለኝ።

«ውቤ፣ ሸምሱን ከየት ላምጣው?» አለችኝ።

ሄድኩ። ተራው ተሰብስቦ እየመከረ ነበር። ምክሩ ደግሞ በላቸው ሸምሱ ይሁን የሚል ነው። በላቸው ግንባሩ ላይ መስቀል የተነቀሰ የጎጃም ሰው ነው።

«ኮፍያ ዝቅ አደርጋለሁ» አለ።

«አቶ ጌታቸውስ? ኮሚቴው ውስጥ አለበት። አንተን ስንት ዘመን ያውቅህ የለም ወይ?» አልኩ።

«መነጽርም አደርጋለሁ።»

እትዬ ወይንሸት «እስቲ አሰላሙ አለይኩም በል» አለችው። አለ፤ ከዚያ ከጭንቀቱ ብዛት አማተበ። ምክሩ በዚሁ ፈረሰ።

የኮሚቴው ቀን በወረዳው አዳራሽ ተሰበሰብን። እኔ በባለሙያነት ተጠርቻለሁ። ሰብሳቢው ትሑት ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳይ ግን ፊቴ ደም መሰለ። ባለቀለሙ ጥናት! ሴትየዋ አሁንም ትስቃለች። «በወይዘሮ ውብነሽ ጥናት መሠረት የዚህ ተራ ሴቶች ተቀጣሪዎች ናቸው» አለ፣ በአክብሮት እጅ እየነሳኝ። ያ ጥናት ስህተት መሆኑን፣ ሌላ መኖሩን ተናገርኩ። ጥቁርና ነጩን አወጣሁለት። ገለጥ አደረገና፣ «ይህ ረቂቁ ነው?» አለኝ።

የከድጃ ተራ ደረሰ። ሸምሱ ሲጠራ ማንም አልተነሳም። ቃሌ አፌን ይዞኛል፤ ሞቷል ማለት አልችልም፤ ዝም ካልኩም ቦታዋ ሊሄድ ነው። ጨነቀኝና የማውቀውን ብልሃት መዘዝኩ። «ጎረቤቶቿ ይጠየቁ። የተራውን ነገር የሚያውቁት ጎረቤቶች ናቸው» አልኩ፤ ሱቁን የምታሠራው እሷ መሆኗን ይመሰክሩላታል ብዬ። ጋሼ መኮንን ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር ብዬም አሰብኩ።

በላቸው ተነሳ። «ጋሼ ሸምሱ? ትናንት አብረን ነው የዋልነው። ጤናው እንደ ብረት ነው» አለ።

እትዬ ወይንሸት ቀጠለች። ስብሰባው ላይ አርፍዳ ነበርና የበላቸውን ቃል አልሰማችም። «ምስኪን ሸምሱ! ከአልጋ ከወደቀ ቆየ እኮ። ሾርባ የማደርስለት እኔ ነኝ።»

ሙራድ ሁለቱንም ሰምቶ ነገሩን ለማስታረቅ ተነሳ። «ድኖ ሐጅ ሄዷል» አለ።

«አሁን የሐጅ ወቅት ነው እንዴ?» አለ ሰብሳቢው።

«አይደለም። ወረፋ ለመያዝ ቀደም ብሎ ነው የሄደው።»

ሳቅ ያፈነው ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጋሼ መኮንን ያላስተማሩኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ጎረቤት ስለሚቀናበት ሰው እውነቱን ይናገራል፣ ስለሚወደው ሰው ግን ዓይኑን ሳያሽ ይዋሻል። ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠ። «አንድ ሰው ጤነኛም፣ የአልጋ ቁራኛም፣ መካም ሊሆን አይችልም» አለ። «ባለፈቃዱ የለም፤ ሴትየዋ ተቀጣሪ ናት። ቦታውን ባዶ ብለን እንመዘግበዋለን።»

ስንት ዘመን ያጠናሁት ግብርና ሥራ፣ ያ ሁሉ ምዕራፍ፣ ለአንዲት ሴት አንድ ክፍል ቦታ ማስቀረት አልቻለም። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ያኔ ከድጃ ተነሳች። «ተዋቸው ልጄ፣ አትቆጣቸው» አለች። «ለኔ ብለው ነው።» ሻሿን አስተካከለች። «ሸምሱ ሞቷል።»

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበረው ተራተኛ ያልቀበረው ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ሁሉም መርዶውን አሁን እንደተረዳ ሆነ። እትዬ ወይንሸት ጮኻ አለቀሰች። በላቸው ኮፍያውን አወለቀ። ሙራድ እጆቹን ዘርግቶ ዱአ ጀመረ። አንድ በአንድ እየተነሱ መጡና «አላህ ያጽናሽ»፣ «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ ትከሻዋን ያዙ። ወጣቱ ሰብሳቢም ግራ ገብቶት ተነስቶ ቆመ። በመጨረሻ አቶ ጌታቸው ከጠረጴዛው ዞሮ መጣ።

«እግዜር ያጽናሽ እትዬ ከድጃ። ያኔ ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር» አላት።

ከድጃ አፈጠጠችበት። «ታዲያ በየዓመቱ ሰላም በይልኝ የምትለኝ?»

«አንቺ አለ ስትይ እኔ ሞቷል ልልሽ ነው?» አለ ጌታቸው።

ያን ጊዜ አለቀሰች። እንዲህ አምርራ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ባለሙያነቴን ረስቼ። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... እንግዲህ፣ ባለሱቁ ማን ይባል?»

አፏን ከፈተች። ያ የለመደችው ቃል ሊወጣ ሲል በዓይኔ አየሁት፤ ዋጠችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

ልጁ ጻፈ። «ግብሩም ከዚህ በኋላ በስምዎ ይሆናል። ጽፌዋለሁ እትዬ፣ መቀመጥ ይችላሉ።»

ከድጃ ግን አልተቀመጠችም። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ጻፍከው፣ አየሁ። እኔ ግን ገና አልጠገብኩትም፤ አንዴ ልድገመው» አለችው፤ ወደ ተራተኞቹም ዞራ ደገመችው።